ከባሕር የሚታየው መስኮት

ሰኔ 12፣ 1886
ከቦስተን ተነስተን ሜይን፣ ባሕር ዳር ያለው ቤታችን ደረስን። ቤቱ እርጥበት እርጥበት ይሸታል። ቤቱን የሠራልን አናጢ ፒንካም ምድጃውን አንድዶ ጠበቀን። ግድግዳው ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረቡት የዝግባ ሳንቃዎች አመድ መስለዋል። ቀለም ነክቷቸው አያውቅም፤ ጨው ያዘለው ነፋስ ነው የሚቀባቸው። ባለቤቴ ሆራስ ፎቅ አልወጣም። እኔም...

ሰኔ 15
ሆራስ በጀልባ ወጥቶ ወዲያው ተመለሰ።
"መስኮቷ ከባሕር ይታያል፣ ፊቢ።"
ልጃችን ዶርካስ አባቷ ሲመለስ ከዚያ ሆና የትራስ ልብስ ታውለበልብለት ነበር። አምና የጉሮሮ በሽታ እዚያው ክፍል ውስጥ ወሰዳት። ሰባት ዓመቷ ነበር።

ሰኔ 20
"ይደፈን" አለ እራት ላይ።
"ምኑ?" እያወቅሁ ጠየቅሁ።
"ሳየው አልችልም።"
"እኔ ደግሞ ካላየሁት አልችልም።"
ዓሣው ቀዘቀዘ። የማናችን ይብሳል? በምን ይለካል?

ሰኔ 27
ጀልባ ቤት ውስጥ ፊቱን በሸራ ሸፍኖ ሲያለቅስ አገኘሁት። እሺ አልኩ። ይደፈን።

ሐምሌ 2
ፒንካም መስኮቱን ነቀለ። በቦታው አዲስ ሳንቃ ከአሮጌው ጋር እያጠላለፈ መታ። መጋጠሚያው አይታወቅም። ቀለሙ ግን... በአመዱ መሃል ቢጫ ሆኖ ቁጭ አለ። ከባሕር ዳር ሲታይ ከመስኮቱ ይልቅ ይጮኻል።
"ይሄማ ባሰ!" አለ ሆራስ።
"ዓሣ አጥማጆቹ 'የቦስተኑ ሀብታም ሱሪው ተቀድዶ በቢጫ ጨርቅ ጣፈው' እያሉ ነው" ብሎ ሳቀ ፒንካም። "ግድ የለም ጌታዬ፣ አሬራ እቀባዋለሁ። ቶሎ ያስረጀዋል። ከዚያ በኋላ እኔ ራሴ የት እንደነበር አላገኘውም።"
"እንዳትነካው!"
ጮኬ ነበር መሰለኝ። ፒንካም ባርኔጣውን አወለቀ።
"ይቅርታ እመቤቴ... አላሰብኩም።"

ሐምሌ 3
"እስከ መቼ ነው የሚቆየው?" አለኝ ሆራስ።
"ነፋሱ በራሱ ጊዜ እስኪያስረጀው።"
"እሺ" አለ በመጨረሻ።
በየጠዋቱ ወጥቼ ቢጫውን አያለሁ። የሷ ነው።

መስከረም 4
ወደ ቦስተን ልንመለስ ነው። የቢጫው ጠርዝ መጥቆር ጀምሯል። ለማንም አልተናገርኩም።

ሰኔ 14፣ 1888
አምና ታምሜ አልመጣንም። ዛሬ ሻንጣ ሳይወርድ ወደ ባሕሩ ዳር ሄድኩ። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት አመድ ነው። ሆራስ ተከትሎኝ መጣ።
"ከጭስ ማውጫው በስተግራ ነበር" አለ።
"ኧረ በስተቀኝ ነው።"
"በስተግራ ነው እንጂ፣ ፊቢ! ሁልጊዜ ከጀልባው ላይ..."
አልጨረሰውም። ውኃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገባ፤ ድሮ ከሚመለስበት አቅጣጫ ሊያየው። ዘወር ብሎ ቆመ። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር በዓይኑ ፈተሸ።
"የታለ?" አለኝ።