ለሚሞት ሰው የተሰጠ ይቅርታ

ውድ አብዱናሲር፣

ሰላምታ እንዳረዝም አትጠብቅ፤ የምነግርህ ነገር አላስቀምጥ ብሎኛል።

ባለፈው ከሁሩታ መጥተህ አልጋዬ ጫፍ ስትቀመጥ፣ ሱቄ ውስጥ ወድቄ መንፈራገጤንና አንጎሌ ፊልም ሲነሳ ብዙ እብጠት መታየቱን ሰምተሃል። እኔን ግን ሐኪሙም ልጄም "ቀላል ነው" ብለውኛል። ማንበብ ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ውጤቱን አምጡ ብል ሰበብ ደረደሩ።

አቅፈኸኝ አለቀስክ። "መርዳሳ፣ ይቅር ብዬሃለሁ፤ አንተም ይቅር በለኝ" አልከኝ። ልጅህ ሽኩር በሚኒባስ ሰው ገጭቶ ሲከሰስ ያየሁትን ፍርድ ቤት ቀርቤ በእሱ ላይ ከመሰከርኩ ወዲህ ሰላም ብለኸኝ አታውቅም። ባለቤቴ ቢሊሴ ስትቀበር እንኳ አልመጣህም። ያን ሁሉ ትቼ እጅህን ያዝኩ። ናፍቆት ያመጣህ መስሎኝ ነበር።

ትናንት ዶክተር ሃዊ ገባች። ልጅ ናት፣ ግን ግትር ናት፤ በዚህ ወድጃታለሁ። የመጀመሪያው ሐኪም ፊልሙን አይቶ የገመተውን አልቀበልም ብላ ደሜን፣ ደረቴን፣ ሆዴን ስታስመረምር ሰንብታለች። አንገቴ ላይ ካለችው እጢም በመርፌ ናሙና ወስዳለች።

"አባባ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ካንሰር አይደለም፤ ወደ አንጎል የወጣ ቲቢ ነው። መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ከወሰዱ ይድናሉ።"

"ካንሰር ነው ያለሽ ደግሞ ማነው?"

ዶክተሯ ወደ ልጄ ወደ ሜቲ ዞረች። ሜቲ አንገቷን ደፋች።

"ሐኪሙ ብዙ አይቆዩም ብሎኝ ነበር" አለች። "ለጋሽ አብዱናሲርም ነገርኳቸው። ሳይታረቁ እንዳይሞቱብኝ ብዬ ነው፣ አባዬ።"

ስወድቅ እንኳ እንደዚያ አልደነገጥኩም። እንደምድን ሰምቼ መደሰት አቃተኝ። ለካ ያቀፍከው እኔን ሳይሆን ሬሳዬን ኖሯል። እኔ ግን ይቅር ያልኩህ አብረን ልንኖር ነበር።

ሜቲ "አይንገሯቸው፤ አንዴ ታርቃችኋል" ብላ ለመነችኝ። እምቢ አልኳት። ባለማወቅህ ላይ የቆመ እርቅ አልፈልግም።

ስለዚህ ስማኝ፤ አልሞትም። ስለ ሽኩር ዛሬም ብጠየቅ ያንኑ እመሰክራለሁ። ይህን አውቀህ ይቅር የምትለኝ ከሆነ ተመልሰህ ና። ባትመጣም የእኔን ይቅርታ አልወስድብህም፤ ለአንተ የሰጠሁት አውቄ ነው።

ከመጣህ ግን አታልቅስብኝ። የልጅህን ነገር አንሳና ተጣላኝ፤ ጊዜ አለን።

መርዳሳ
ከአዳማ