ዛሬ ማታ አጨብጭቢ

ጉዲቱ ልጄ፣

ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፤ አሙቀሽ ብይ። በሩን ከውስጥ ቀርቅሪ፤ ማንም ቢያንኳኳ እንዳትከፍቺ።

ትናንት ቀበሌ አዳራሽ የጫማ ሰፊውን ድራማ በቴሌቪዥን ስናይ «ጫማ ሰፊውም ካድሬ ሆነ? ይሄ ድራማ ነው ስብሰባ?» ብለሽ ስትጮኺ ሰው ሁሉ ሳቀ። ሊቀመንበሩ ጓድ ጎበና ግን አልሳቀም። ዛሬ ጠዋት ደጃችን መጥቶ «ያቺ ልጅ የት ነው የምትማረው?» አለኝ።

እናቱ ወይዘሮ ሻሼ ዘንድ ሄጃለሁ፤ «ልጅ ናት፣ አታውቅም» ብላ እንድትለምንልኝ።

ማታ የድራማውን ቀጣይ ክፍል ለማየት አዳራሹ አብረን እንሄዳለን። ጫማ ሰፊው ንግግር ሲያደርግ አጨብጭቢ።

ትናንት ስትጮኺ የቆነጠጥኩሽ ፈርቼ ነው።

እውነቱን ከፈለግሽ፣ ጫማ ሰፊው ሚስቱን መፍራት ትቶ መፈክር ማሰማት ከጀመረ ወዲህ እኔንም አስጠልቶኛል። ድሮ እንዴት ያስቀን ነበር!

ይሄን ግን እኔ አላልኩም። ወረቀቱን አሁኑኑ አቃጥይው።

አያትሽ