ከሚዛን በኋላ ያለችው እፍኝ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3
ቀኑን ሙሉ ሳጥን ስስል ዋልኩ። ብሮውዘሩ ላይ ነጭ ሜዳ አለ፤ «ሻጭ»፣ «ትዕዛዝ»፣ «ክብደት» የሚሉ ሳጥኖች አስቀምጬ በመስመር አገናኛለሁ። የሆቴሎች ሲስተም ከቅመም ተራ ነጋዴዎች ስልክ ጋር የሚነጋገረው በዚህ ስዕል ነው። ኤፒአይ ይባላል። እናቴ ለጎረቤት «ልጄ ሰዓሊ ሆነ» ብላለች... ምን ብዬ ላርማት?
በመስኮቱ የጎጃም በረንዳ ጣሪያዎች። በጭጋጉ ውስጥ እነሱም ሳጥን ናቸው። ማን ይሆን ያገናኛቸው?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5
«ክብደት» ላይ ሕግ አወጣሁ፦ የደረሰው ከታዘዘው ጋር እኩል ካልሆነ ይመለስ። ባልደረባዬ ይገረም አየና «ንጹሕ ሥራ!» አለ። መርካቶ ውስጥ ይህን ያህል ንጹሕ ነገር ሲገኝ መጠርጠር ነበረብኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8
የቅመም ተራዋ ነጋዴ እትዬ ሐጀራ የቢሯችንን ደረጃ ወጥተው መጡ። ኮረሪማቸው ከሆቴሉ ተመልሶባቸዋል። የታዘዙት አምስት ኪሎ፤ የላኩት አምስት ኪሎና አንድ እፍኝ። እፍኟ ምርቃት ናት፤ ከመዘኑ በኋላ ሁሌም ጣል ያደርጋሉ።
«ልጄ፣ ጎደለ?»
«ኧረ እትዬ! ሲስተሙ በዛ ነው የሚለው።»
«በዛ ተብሎ ይመለሳል? ይሄን ማሽን ማነው ያሳደገው?»
ያሳደገው ፊታቸው ቆሟል።
ሰኞም ከተመለሰ ሆቴሉ ሌላ ሻጭ ይይዛል ብለዋቸዋል። ስንት ዘመን የኖረ ደንበኛ... «ምርቃቷን ይተዉዋት» ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ፊታቸውን አየሁና ዘጋሁት።

እሑድ፣ ጥቅምት 9
ይገረምን በስልክ ቀሰቀስኩት። «እኩል» የሚለውን «የማያንስ» ላድርገው አልኩ።
«ትርፉስ?»
«የራሱ ሳጥን ይኑረው።»
«ዋጋው?»
«የለውም።»
«ታዲያ ለምን ይመዘገባል?»
«እንዳይመለስ።»
በስልኩ ውስጥ ሲያዛጋ ሰማሁት። ፈቃድ ነው ብዬ ወሰድኩት።
አዲስ ሳጥን፦ «ምርቃት»። ግዴታ ያልሆነ፤ ባዶ ቢቀርም ትዕዛዙ ያልፋል። ከ«ዋጋ» ጋር የሚያገናኘው መስመር የለም። ነጩ ሜዳ ዳር ተንሳፈፈ... ባሕር የሌላት ከተማ ውስጥ እንደ ጀልባ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11
የትናንቱ ኮረሪማ አለፈ! የሆቴሉ ስቶር ኪፐር ሶፊ ደወለች።
«ወንድሜ፣ ምርቃት የሚለው ላይ ስንት ኪሎ ልበል?»
«አይመዘንም። መጥቷል ወይስ አልመጣም፣ በቃ።»
«መጥቷል» አለች። ስትስቅ ሰማኋት።
በቅመም ተራ ሳልፍ እትዬ ሐጀራ ጠሩኝ። ኮረሪማ በእፍኛቸው ዘግነው ኪሴ ውስጥ ጨመሩልኝ።
«ምንም ሳልገዛ?»
«ዝም በል። ደግሞ እንዳትመልሰው!»
ከሰዓት ስዕሉን ከፈትኩ። ጣቴ ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል። «ግዴታ» ያልኳቸውን ሳጥኖች አንድ በአንድ እየነካሁ ጠየቅኳቸው... እርግጠኛ ናችሁ?
አንዳንዶቹ ዝም አሉ።