የአባባ ሐጅና የአይሮፕላኑ ፍሬን

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 24፣ ኮምቦልቻ

አልሄዱም። ሻንጣው ተጭኖ፣ አባባ አንድ እግራቸውን የአይሮፕላኑ መሰላል ላይ እንዳሳረፉ መካኒኩ ከጎማው ሥር ወጥቶ እጁን አወናጨፈ። አስተርጓሚው ተሰማ እየሮጠ መጣና «ውረዱ ተብሏል፤ የአንዱ ጎማ ፍሬን አልይዝ አለ» አለን። ከመነሳቱ በፊት ሲመረምሩት ነው ያገኙት። እንዲህ ሆኖ ቢበር አሥመራ ላይ ሲያርፍ ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ነገር የለም። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። መቼ ይመጣል ብንል «ዶማኒ»፣ ነገ ማለት ነው። የጣሊያኖቹን ነገ ደግሞ እናውቀዋለን።

መካኒኩን በሆዴ ረገምኩት። አባባ ገብቷቸው «ተወው፣ የኛኑ ነፍስ ነው የሚጠብቅ» አሉኝ።

የሐጃጆቹ መርከብ ከምጽዋ የሚነሳው ቅዳሜ ነው። በካሚዮን ቢሞከር የሳቸው ወገብ አይችለውም፤ መንገዱ ላይም የአርበኞችና የጣሊያኖች ተኩስ አለ። ለጊዜው ደሴ ቤታችን ወጥተን እንደር ብል ተቆጡኝ። «አፉ ተባብዬ የወጣሁበትን ደጃፍ መልሼ ልረግጥ?»

እውነታቸውን ነው። ያለፈውን ሳምንት የደሴን ፒያሳ ሱቅ በሱቅ ዞረው «አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» ሲሉ ከረሙ። ስንት ዓመት ያኮረፉትን ልኳንዳ ነጋዴ ሳይቀር አቅፈው አለቀሱ። አልጋቸውን ለመስጊድ ደረሳ፣ ለአንድ ቁርኣን ተማሪ ሰጡ። አፉ ተባብሎ የተመለሰ ሰው፣ የሐጅ ጥሪው የሱ አልነበረም ይባላል። ስለዚህ አክስቴ ዘይነባ ቤት አርፈናል። ኮምቦልቻ ይሞቃል፤ ትንኙም አያስተኛም።

ማክሰኞ

ዶማኒ መጣ፣ ዕቃው አልመጣም።

አክስቴ ስንቁን አየር ላስነካው ብላ ሻንጣውን ፈታችው። በሶ፣ ቴምር፣ ማር፣ ለሐጅ የሚለበሰው ነጭ ኢሕራም። ከሥር ደግሞ ሌላ ነጭ ጨርቅ፣ ገና ያልተነካ። እሷ አይታ መልሳ ሸፈነችው፤ እኔ ነኝ ሞኙ፣ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ያልኩት። ከፈናቸው፣ መገነዣቸው ነው። ለራሳቸው አስቀድደው ይዘዋል።

«ከዚያው ብቀር ምን ይልሃል?» አሉኝ አባባ፣ ስለ ገበያ እንደሚያወራ ሰው።

አላህ ያሻው ነው አልኩ። ግን ከፋኝ። ከሰዓት በኋላ ሜዳው ድረስ ሄጄ፣ ያ አይሮፕላን ጎማው ተፈቶ በድንጋይ ተደግፎ ሳየው ደስ አለኝ። ምነው ዕቃው ጠፍቶ በቀረ አልኩ። ወዲያው ደግሞ አስተግፊሩላህ አልኩ።

ረቡዕ

ዕቃው ከአዲስ አበባ መጣ፤ አልገጥም አለ። ተሰማ ሊስቅ ምንም አልቀረው። እኔ ለመሳቅም ደክሞኛል።

የባሰው ከደሴ የመጣው ወሬ ነው። እናቴ በሾፌር ልካብኛለች። ጎረቤት ሁሉ «ገቡ ወይ?» እያለ ቢያስጨንቃት «አዎ፣ ሰኞ ዕለት በረዋል» ብላለች። ያንን ብለው ዱዓ ተቀምጠዋል፣ በግ ታርዷል። አሁንማ ብንመለስ እሷም ቀጣፊ ልትባል ነው። ለአባባ ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «እንግዲህ ካልበረርኩ ጫካ መግባቴ ነው» አሉ።

ሐሙስ

ፍሬኑ ተሠራ። መካኒኩ ጎማውን ያዞራል፣ ያስይዛል፣ ተኝቶ ያያል፣ ይነሳል፣ እንደገና ይተኛል። ሞተሩን አስነስተው ሜዳው ላይ አስሮጡት፤ ቀጥ ብሎ ቆመ። ነገ ጠዋት በረራ አለ።

ይህን ላበስር ስገባ አባባ በጋቢ ላይ ጋቢ ተደራርቦላቸው ይንቀጠቀጣሉ። ድሮ ባቲ ቆላ ሲነግዱ የያዛቸው ወባ ነው፤ ድካም ሲያገኛቸው ይነሳል። ኪኒን ሰጠናቸው። አክስቴ አታልቅሺ ብላትም አልሰማችኝ።

ተሰማን አማከርኩት። «የታመመ አይሳፈርም፣ ደንብ ነው። ሲጠይቁህ ግን የምተረጉመው አንተ ያልከውን ነው» አለኝ። ደግ ሰው ነው፤ ሸክሙን ግን እኔው ላይ ጣለው።

ደሴ ሐኪም ቤት ልውሰዳቸው? ጀርባዬ ላይ ባዝላቸው እንኳ እምቢ ይላሉ። አባባን የሚያስፈራቸው ሐጅ ሳያደርጉ መሞት ነው። እኔን የሚያስፈራኝ መሞታቸው ነው።

ዓርብ፣ ደሴ

ሄዱ።

ጠዋት ትኩሳቱ ጋብ ብሎ ነበር፣ አልለቀቃቸውም። ፊታቸውን ታጥበው፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ክንዴን ይዘው ሜዳውን ተሻገሩ። እጃቸው እንደ ምጣድ ያቃጥላል። መካኒኩ ዛሬም ከጎማው ሥር ነው። ሰኞ የረገምኩትን ሰውዬ፣ ምነው ሥራውን በቶሎ ባልጨረሰ እያልኩ አየሁት።

የሜዳው ሹም፣ ጣሊያኑ፣ መጥቶ ጠየቀ። ተሰማ ወደ እኔ ዞሮ «አባትህ ጤነኛ ናቸው ወይ ይላል» አለኝ። አባባ ክንዴን ጠበቅ አደረጉት።

«ደህና ናቸው» አልኩ።

መሰላሉ ላይ ሲወጡ ዞረው «አፉ በለኝ፣ ልጄ» አሉኝ። አፉ ብያለሁ አልኩ። እርስዎም አፉ ይበሉኝ ለማለት ሞተሩ ቀደመኝ።

ደሴ ስገባ እናቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። «በላያችን አለፈ፤ ወጥቼ አየሁት» አለችኝ። ፊቷ በርቷል። ቤቱ ውስጥ ላሉት ሴቶች ሰኞ በረዋል ስትል ስለከረመች፣ እንዳይሰሟት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ፦

«ደህና ነበሩ?»

ለሹሙ የመለስኩትን ለሷም መለስኩላት። አመነችኝ። አሁን ጓዳ ሆና ለሐጁ መመለሻ የምትቀባውን ግድግዳ ስታማክረኝ እሰማለሁ፣ ነጭ ይሁን አረንጓዴ እያለች። ያ ነጭ ጨርቅ ታወሰኝና አረንጓዴ ይሁን አልኳት።