ባለቤቱ ሳይጠየቅ የወጣ መረብ

ቁንዝላ፣ የካቲት ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

እህትዓለሜ፣

እንደምን ከረምሽ? ወገብሽ ጠናልሽ ወይ? ልጅሽስ እንደምን አለች? ጥርስ አወጣች? እንዳንቺ ታኮርፋለች? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ፤ የጎደለኝ አንቺና የእናቴ ሹርባ ብቻ ነው። «አብዮታዊ ሰላምታዬ ይድረስሽ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ የቅጣት ደብዳቤዬም የተጀመረው በዚያው ሰላምታ ስለሆነ ተውሁት። ይህን የሚያደርሱልሽ አጎቴ ኑርሑሴን ናቸው። ጨው አራግፈው ከባልሽ ጋር ወደ ተዛወርሽበት ወደ ደብረ ማርቆስ ሊያልፉ ነው። ከእጃቸው ወደ እጅሽ እንጂ በፖስታ ቤት አያልፍምና ፔዳ ስንማር በተከራየናት ክፍል እናወራ እንደነበረው እንደ ልቤ እጽፋለሁ።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። መጀመሪያ ሳነበው ተቆጣሁ፣ ስደግመው ሳቅሁ፣ ኋላ ግን አጥፌ አስቀመጥሁት። «ማን ጠየቀሽ?» ነው የምትዪኝ። «የኔን ነገር ተሸክመሽ ስትሄጂ ማን ጠየቀሽ? ባሕር ዳር መጥቼ ልጆቹን ያስመለጥሁት እኔ ነኝ እላለሁ፤ አንቺም ወደ ሥራሽ ትመለሻለሽ» ትያለሽ።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ሰኞ የብሔራዊ ውትድርና መኪና ትምህርት ቤቱን እንደሚከብብ ዓርብ ሰማሽ። ከየት እንደሰማሽ አልጠየቅሁሽም። ወርሽ ገብቶ፣ ሆድሽን በሁለት እጅሽ ደግፈሽ፣ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች «ሰኞ የታመመ ሁሉ ቤቱ ይተኛ» አልሽና ወጣሽ። ሰኞ ክፍሉ ባዶ ሆነ። የክፍሉ ኃላፊ እኔ ነኝና ተጠያቂዋም እኔ ሆንሁ። የስብሰባው መሪ አምባቸው «ነጋዴ ዘመዶችሽ ምን ያህል ጉቦ ሰጡሽ?» ሲለኝ ደሜ ፈላ። «ጓድ አምባቸው፣ እኛ ቤት ዋጋ የሚነገረው ለጨውና ለበርበሬ ነው፤ ለሰው ልጅ ዋጋ አውጥተን አናውቅም» አልሁት። አዳራሹ ሳቀ። ቅጣቴን ያከበደው ያ ሳቅ ይመስለኛል። እኔ ነኝ አላልሁም፤ ሌላ ናትም አላልሁም። ዝምታዬን እንደ እምነት ቃል ቆጠሩትና እጅ ይውጣ ተባለ። አብረውን ምሳ የበሉ እጆች ሲወጡ አየሁ። ዓምደ ሚካኤል፣ ባልሽ፣ መድረኩ ላይ ከአምባቸው ቀጥሎ ተቀምጦ ነበር። «የደገፈ» ሲባል እጁ አልወጣም፤ «የተቃወመ» ሲባልም አልወጣም። ውሃ ጠጣ። ብርጭቆው ግን ባዶ ነበር።

ማን ጠየቀሽ ትያለሽ! ከነዚያ ልጆች አንዱ የኔው ወንድም፣ ሙሔ፣ መሆኑን ረሳሽው? እሱን ስታስመልጪ አንቺንስ ማን ጠየቀሽ? እኔ ለመንሁሽ? ይህን መልስ ጽፌ ልልክልሽ ወረቀት እንዳወጣሁ ነው የዳኘው መረብ ነገር የመጣው።

በቅጣት ተልኬ እዚህ መሠረተ ትምህርት አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ዓሣ አስጋሪዎችና ሚስቶቻቸው ናቸው። አንድ ሰኞ ጧት ልብሴን ላጥብ ወደ ወደቡ ስወርድ አስናቀ የሚባለው፣ የኔ እኩያ የሆነ ቀልደኛ ልጅ፣ ታንኳውን አቁሞ መረብ ያወጣል። መረቡ የሱ አይደለም። ቀይ ጨርቅ የታሰረበት የጎረቤቱ የዳኘው ነው፤ ዳኘው ደግሞ በወባ ተኝቷል። መቼም ታውቂኛለሽ። «ሌባ! ሌባ!» ብዬ ጮህሁ። አገሩ ዱላውን ይዞ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አስናቀ ከሐይቁ መሐል ሰላም ያልሁት መስሎት መቅዘፊያውን እያወዛወዘ አጸፋውን ይመልስልኛል።

የዳኘው ሚስት ወለተ ሩፋኤል እየሮጠች መጣችና «ማነው ሌባው?» አለችኝ። «አስናቀ ነዋ! ባልሽን እየሰረቀው ነው!» አልኋት። «ባሌን ቢሰርቀኝማ በተገላገልሁ ነበር!» አለች። ሰዉ ዱላውን ተደግፎ ሳቀ።

ለካ እዚህ ሰው ታሞ ከቀረ ጎረቤቱ መረቡን ያወጣለታል። መረብ ውስጥ ያደረ ዓሣ እስከ ቀትር ከቆየ ይበላሻልና። ያወጣውን ለሚስቱ ያስረክባል፤ ለድካሙ አንዲት ቀረሶ ዓሣ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል፤ በቃ።

ከሰዓት በኋላ ክፍል ስገባ አስናቀ እጁን አወጣ። «መምህርት፣ ሌባ የሚለውን ሰሌዳው ላይ ጻፊልን፤ አዲሱን ስሜን ልማር» አለ። ጻፍሁለት። ከሥሩም «ጎረቤት» ብዬ ጻፍሁና ልዩነታቸው ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁ። አስናቀ «የሚያስረክበው ጎረቤት ነው፣ የሚያስቀረው ሌባ ነው» አለ። አንዱ ከኋላ «አንዲቷንስ ቀረሶ አስቀርተህ የለም?» ሲለው ክፍሉ ተንጫጫ። እኔ እልሄ ገና አልበረደም ነበርና «ለመሆኑ ዳኘውን አስፈቅደኸዋል?» አልሁት። «በትኩሳት የሚቃዥን ሰው ምን ብዬ ላስፈቅድ? ዓሣዬን ውሰድ በማለት ፈንታ ሚስቴን ውሰድ ቢለኝስ?» አለ። «ደግሞ ማን ሊከተልህ!» አለችው ወለተ ሩፋኤል።

በልቤ ደስ አለኝ። መልሴን አገኘሁ አልሁ። የታመመ ሰው አይጠየቅም፤ መረቡ ይወጣለታል። አንቺ ያኔ ወርሽ ገብቶ ነበር። እስር ቤት ሲሚንቶ ላይ እንድትወልጂ ኖሯል ልጠይቅሽ የሚገባኝ?

በሳምንቱ ግን ዳኘው ራሱ ጋቢውን ተከናንቦ ክፍል መጣ። ፊቱ ጠቁሯል። ለአስናቀ ምርቃቱን ሊያወርድለት ነው ብለን ጠበቅን። «መጀመሪያ ቀን መረቤን አወጣህልኝ፣ ተባረክ» አለው። «በማግሥቱም ተባረክ። ዓርብ ለት ግን ተነሥቼ ወደቡ ላይ ቆምሁ። አንተ አሁንም የኔን መረብ ታወጣለህ። ሰዉ አንዴ አንተን ያያል፣ አንዴ እኔን ያያል። ወባው ያልገደለኝን አንተ ልትገድለኝ ነበር።»

አስናቀ ከመቀመጫው ተነሣ። «ታዲያ ምን ላድርግ? ይበስብስ ብዬ ልተወው? አንዲት ዓሣ ጎደለችብህ?» አለ።

«አንዲትም አልጎደለች። በደጄ ስታልፍ ‹ተሻለህ ወይ?› ማለት ምን አቃተህ?» አለው ዳኘው።

እኔ ጣልቃ ገብቼ ለበጎ ነው እኮ ያደረገው ብዬ ልከራከርለት ጀመርሁ። ዳኘው ወደኔ ዞረና «በጎነቱን መች ካድሁ፣ መምህርት? የጠየቅሁት መረቤን ነው» አለኝ።  ወለተ ሩፋኤል ነጠላዋን አስተካክላ ባሏን ደግፋ ይዛው ወጣች።

እህትዓለሜ፣ ያን ቀን ያንቺን ነገር በመሸከሜ አልጸጸትም፤ ነገም ቢመጣ አደርገዋለሁ። አምባቸው «ጥፋተኛ ነኝ ብለሽ ፈርሚና ተመለሺ» እያለ ሰው ልኮብኝ ነበር። ለመልእክተኛው ቀረሶ ጠብሼ አበላሁትና ባዶ እጁን ሸኘሁት። ልጆችን ከሞት ማስቀረት ጥፋት ከሆነ ጥፋቱ ይባዛ፤ እኔ ግን ስሜን ከሥሩ አላኖርም።

አንቺን ግን ከወለድሽ ወዲህ በደጅሽ አልፌ ተሻለሽ ወይ አላልሁሽም። እኔ እዚህ ተሸክሜላታለሁ እያልሁ በልቤ ስኮራ፣ አንቺ እዚያ ወደቡ ላይ ቆመሽ ኖሯል። ማንም ባያይሽ እንኳ ራስሽን ታዪ ነበር። በደብዳቤሽ «ዕዳሽ አጎበጠኝ» ያልሽውን ቃል እንደ ምስጋና ነበር ያነበብሁት። አሁን ገባኝ።

ስለዚህ መረቡ ያንቺ ነው። እመጣለሁ ካልሽ አትምጪ አልልሽም፤ ቀርቻለሁ ካልሽም እዚሁ እኖራለሁ፤ ፍቅሬ በዚያም በዚህም ያው ነው። ብትመጪ ወደ ክፍሌና ወደ እናቴ ቤት ልመለስ እንደምችል አውቃለሁ። እንደሚያምረኝም አልደብቅሽም፤ ባሕር ዳርን በሕልሜ አያታለሁ።

ነገር ግን አዳራሹ ውስጥ ከቆምሽ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ «ልጆቹን ለምን አስመለጥሽ?» ብለው አይደለም። «የሰኞውን መኪና ማን ነገረሽ?» ብለው ነው። እኔንም ጠይቀውኛል። አንቺን ጠይቄሽ ስለማላውቅ የምነግራቸው አልነበረኝም። አንቺ ግን የምትነግሪያቸው አለሽ።

እንግዲህ ከመነሣትሽ በፊት አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። እሑድ ምሳ ላይ ዓምደ ሚካኤልን ከፊትሽ አስቀምጪና «ልናገር ወይ?» ብለሽ ጠይቂው። እኔ አንቺን ሳልጠይቅ ያደረግሁትን አንቺ በሱ ላይ አታድርጊ። የሚመልስልሽን ለኔ መጻፍ አያስፈልግሽም። በዚያ ስብሰባ ስላልወጣው እጁም እንዳልተቀየምሁት ንገሪልኝ።

አጎቴ ሁለት ቀን እዚያ ይቆያሉ። ሽሮ አቅርቢላቸው፤ «ጠግቤያለሁ» ቢሉሽ አትቀበያቸው። ለልጅሽ አላህ ዕድሜ ይስጣት፣ ያንቺም እመቤት በጥላዋ ትጋርዳት፤ ሁለት ሰው ቢጠብቃት ምን ይጎዳታል? ጉንጯን ስመሽ ያችኛዋ አክስትሽ ልካ ነው በያት።

ተሻለሽ ወይ?

በአንድ ፍራሽ ያደረች እህትሽ