ሁለት ለሴት፣ ሦስት ለወንድ

ማይቴዬ፣

ፖስት ካርዱ ላይ የምታዪው ቤተ ክርስቲያን ፒሬኔ ተራራ ሥር ዘጠኝ መቶ ዓመት ቆሟል። መንደሩ ውስጥ የቀሩት ግን ቁልፉን የያዙት እትዬ ኦሮሲያ ብቻ ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ደዋይ የነበረው ጎረቤታቸው ኡባልዶ ጥር ላይ ሞተ። በበረዶው መሀል ሰዎች መጥተው አስከሬኑን ወደ ታችኛው መንደር አወረዱት። የእሳቸው ጉልበት የደወሉን ማማ ደረጃ ስለማይወጣ፣ ሰው ሲሞት የሚደወለው ደወል ሳይደወልለት ቀረ።

ዛሬ እጄን ይዘው፣ "ለእኔም የሚደውል የለም። አንቺ ውጪና ደውዪልኝ፤ በሕይወት እያለሁ ልስማው" አሉኝ።

እኛ ሳራጎሳ ደወል ሲደወል ቀና እንኳን አንልም። ወጣሁና፣ በረዶ የለበሰው ተራራ ፊት ለፊቴ ቆሞ፣ ገመዱን ሦስቴ ሳብኩ።

ከታች ድምፃቸው መጣ፦ "አንቺ የከተማ ልጅ፣ ሦስት እኮ የወንድ ነው። የሴት ሁለት ነው።"

"ይቅርታ እትዬ፣ እንደገና ልጀምር?"

"ተይው፤ እሱ ለኡባልዶ ይሁን። አሁን የእኔን ደውዪ፤ ቀስ እያልሽ።"

ሁለቴ ደወልኩ። ስወርድ ጥቁር ሻርፓቸውን አስተካክለው በሩን እየቆለፉ ነበር።

ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ዛሬውኑ ሂጂና።

ቤጎኛ