የድሃ ድሃ የመባል ጣጣ

ጥቅምት 12

ዝናቡ ያበቃ መሰለኝ። የዳሞታ ተራራ ዛሬ ከላይ እስከ ታች ጥርት ብሎ ታየ። ሸሚዝ አጠብኩ፣ ካልሲ ሰፋሁ፣ ለምሳ የቦዬ ሥር ቀቀልኩ። ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ብቻ ግማሽ ጠዋት ፈጀ። ስንቱን የሶዶ ሙሽራ ያለበስኩ ልብስ ሰፊ አሁን ካልሲ ያሸንፈኛል… ይሁን።

የደም ግፊቱን ኪኒን በመቀስ ለሁለት ቆረጥኩ። የስኳሩን አንድ ቀን እየዘለልኩ ነው። ሐኪሙ "በየቀኑ" ነበር ያለው። ለእሱ ማለት ቀላል ነው። ዛሬ ግማሿ ፍሬ ከመቀሱ ተፈናጥራ አልጋ ሥር ገባች። ተንበርክኬ ስፈልጋት ፈጠነች የምትባለው ጎረቤቴ በበሩ ብቅ አለች። "ውይ፣ ጸሎት ላይ ነሽ? ይቅርታ!" ብላ ተመለሰች። አማርኛዋ ሲቸኩል ወንዱንም ሴት ያደርገዋል። ፍሬዋን አገኘኋት። አቧራዋን አራግፌ ዋጥኩና ቦዬዬን በላሁ።

ጥቅምት 15

ልጄ ትዕዛዝ ከገሱባ ደወለች።

"አባዬ፣ መድኃኒትህን እየወሰድክ ነው?"

"እየወሰድኩ ነው።"

አልዋሸሁም። ምን ያህል ብላ አልጠየቀችኝም። እሷ አስተማሪ፣ ባሏ አስተማሪ፣ ቤቱ በልጅ የተሞላ። ምን ልበላት?

ጥቅምት 18

ወደ ከሊል መድኃኒት ቤት ሄድኩ። የስልጤ ልጅ ነው፤ ድሮ ጨርቅ የምገዛው ከአባቱ ሱቅ ነበር። አሁን አባትየው የሉም፣ ልጁ ኪኒን በፍሬ ይሸጥልኛል። ሌላ ደንበኛ ካለ ድምፄን ከፍ አድርጌ "የዛሬን ብቻ ስጠኝ፣ ሌላው ቤት አለኝ" እላለሁ። ከሊል ጨዋ ነው፣ አይስቅም።

ዛሬ ሰዉ እስኪወጣ ጠበቀ።

"ጋሼ፣ ጤና መድህን ለምን አይገቡም? ሐኪም ቤቱም መድኃኒቱም በእሱ ይሆናል።"

"መዋጮው…"

"መክፈል ለማይችል መንግሥት ይከፍላል እኮ። ቀበሌ ይሂዱ። የድሃ ድሃ በሚለው ይመዘግብዎታል።"

"በምን በሚለው?"

"የድሃ ድሃ።"

ድሃ ቢለኝ እሺ። የድሃ ድሃ? ድሃ ራሱ የሚያዝንለት ማለት ነው? የነገሥታት ንጉሥ እንደሚባለው ያለ ማዕረግ ነው፣ ወደ ታች። አመስግኜ ወጣሁ። እስከ ቤቴ ስናደድ ሄድኩ፤ በማን እንደሆነ እንጃ።

ጥቅምት 23

እሁድ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ራሴ ዞረብኝ። ባጃጅ ማቆሚያው ጋ ዛፍ ተደግፌ ቆምኩ። አንዱ ሹፌር "አባ፣ ምን ሆኑ? ላድርስዎት?" አለኝ።

"አይ፣ ተራራውን እያየሁ ነው።"

ተራራው ከኋላዬ ነበር።

ፈራሁ። ይህን ለማንም አልናገርም፣ እዚህ ብቻ። እናቴን የጣላት ግፊት ነው። አፏ ተጣሞ፣ አንድ ቃል ሳይወጣት ስንት ጊዜ ተኛች… ጎርሳ እንኳ በወጉ አትውጥም ነበር። እንደዚያ መሆን አልፈልግም። ነገ ቀበሌ እሄዳለሁ። ይበሉኝ፣ የፈለጉትን ይበሉኝ።

ጥቅምት 24

ጉድ ነው የሆንኩት!

ሰው ቀበሌ ሲሄድ ሰው መስሎ ነው የሚሄደው። ራሴ የሰፋሁትን ግራጫ ሙሉ ልብስ ለበስኩ። ከረባት አሰርኩ፣ ጫማዬን ወለወልኩ። ሥራ አስኪያጁ ይልቃል የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ነው። ሲያየኝ ብድግ ብሎ ወንበር ሳበልኝ።

"ጋሼ! ምን እንታዘዝ?"

"ስለ ጤና መድህን ነበር… ስለ እነዚያ… የድሃ ድሃ…"

"ነኝ" የምትለዋን ሳልጨምር ይልቃል እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

"እግዚአብሔር ይስጥልን! ያለው ሰው ለሌለው ይክፈል ብለን ስንለምን ከረምን፣ በራሱ እግር የመጣ እርስዎ ብቻ ነዎት። የስንት አባወራ መዋጮ ልያዝልዎት?"

"ተሳስተሃል ልጄ" ማለት ነበር። ምን ይከብዳል? እኔ ግን ምን አልኩ? "አስብበታለሁ።"

አስብበታለሁ!

እስከ በር ሸኘኝ። ቤት ስደርስ ከረባቱን ፈትቼ ወረወርኩት። ጥፋቱ የእሱ ነው። ራት አልበላሁም።

ጥቅምት 30

መጋቢው ከስብከቱ በኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። "ወገኖች፣ የድሆችን የመድኃኒት ሸክም ሊካፈሉ የተነሱ አባት በመካከላችን አሉ…" ይልቃል! አፍህ ይያዝ! "አባታችን ጋሽ ደገፉ!" ሃሌሉያ፣ እልልታ፣ ጭብጨባ። የእናቶች ኅብረት መሪዋ የትምወርቅ ከፊት ወንበር ዞራ፣ እጇን ወደ ላይ አንስታ አጨበጨበችልኝ።

በር ላይ ጠበቀችኝ። "ጋሽ ደገፉ፣ ጌታ አብዝቶ ይባርክዎት። እንደ እርስዎ ያለውን ያብዛልን።"

"አሜን" አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? እንደ እኔ ያለውማ በዝቷል።

ኅዳር 1

ዛሬ ለማኝ በሬን አንኳኳ። ከዚህ በፊት ቤቴን አልፎ ነበር የሚሄደው።

ኅዳር 4

መስታወት ፊት ተለማመድኩ። "ይልቃል ልጄ፣ የድሃ ድሃ እኔ ነኝ።" ያለ ከረባት ሞከርኩ። በሹራብ ሞከርኩ። ትንሽ ጎበጥ ብዬም ሞከርኩ። መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ አላመነኝም። ነገ እሄዳለሁ አልኩ… ትናንትም እንደዚሁ ብዬ ነበር።

ኅዳር 11

ገበያ መውጫው ላይ ይልቃልን ከሩቅ አየሁት። ዘልዬ ሥጋ ቤት ገባሁ።

"ጋሼ፣ ስንት ኪሎ?"

"እስቲ ያንን አሳየኝ… አዙረው… በዚያ በኩል…"

ደጋግሜ አስገላበጥኩት። ስቡ በዛ ብዬ ወጣሁ። ይልቃል ደጁ ላይ ቆሞ ፈገግ ብሎ ይጠብቀኛል።

"ጋሼ፣ አሰቡበት?"

"እያሰብኩ ነው።"

ሥጋ ሻጩም ይልቃልም ከልባቸው ሸኙኝ። እንዴት ያለ ሰው አክባሪ ከተማ ነው!

ኅዳር 20

ዛሬም ዞረብኝ። ከሊል ክንዴን አስሮ ግፊቴን ለካ። ቁጥሩን አልነገረኝም። እንደገና ለካ።

"ጋሼ፣ ኪኒኑን እንዴት ነው የሚወስዱት?"

"መቀስ አለኝ" አልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ግን ገባው። ፊቱ ተለወጠ።

"ወላሂ ጋሼ፣ በዚህ አያያዝ መንገድ ላይ ይወድቃሉ። ቀበሌ አልሄዱም?"

"ሄጄ ነበር። ረጂ ሆኜ ተመለስኩ።"

ከሳቁ ጋር ታገለ፣ አቃተው። እኔም አብሬው ሳቅኩ። ጠረጴዛውን ይዘን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ዞር ስል ፈጠነች ከኋላዬ ቆማለች። ለጉንፋን መድኃኒት መጥታ ነው። ሁሉንም ሰምታለች። አልሳቀችም።

ኅዳር 21

በጠዋት መጣች፤ ማንኳኳት የለም።

"ለምን አልተናገርሽም? ግማሽ ኪኒን እየዋጥሽ፣ ሙሉ ልብስ?"

"አፍሬ ነዋ።"

"እፍረት ግፊት ታወርዳለች?"

"ስምሽን እኔ አስመዘግባለሁ" አለች። ተይ አልኳት፣ ለመንኳት፣ ተቆጣኋት። ልቀየማት ሞከርኩ፤ ግን የቆጮ ሙቿ በትኩስ ቅቤ ይዛ ነበር የመጣችው። ለስኳር ጥሩ አይደለም። ጥቂት ብቻ ቀመስኩ።

ታኅሣሥ 11

ስብሰባው ዛሬ ነበር፣ በቀበሌው አዳራሽ። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ኮሚቴ የመለመላቸው ሰዎች ስም ይነበባል፣ ሕዝቡ "ይገባዋል" ወይም "አይገባውም" ይላል። እኔ በሹራብ፣ መጨረሻው ወንበር ላይ። ፈጠነች በበሩ በኩል ተቀመጠች፣ እንዳላመልጥ።

ይልቃል ያነባል። ስም… "ይገባታል!" ስም… "ይገባዋል!" ከዚያ "ደገፉ…" አለና ቆመ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

"ይቅርታ፣ እዚህ ላይ ስህተት አለ። ጋሼ ከረጂዎች ጋር ነበር መጻፍ የነበረባቸው።"

ሰዉ ሳቀ። የትምወርቅ ተነሳች፣ ፊቷ ቀልቷል። "የሰውን አባት የድሃ ድሃ ብላችሁ ትጽፋላችሁ? እኚህ ሰው ምን ጎደላቸው? አታዋርዱብን!" ጭብጨባ። አንዱ ጎልማሳ "የሠርግ ልብሴን የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው! ያ የድሃ እጅ ነው?" አለ። ሌላው "ጋሼ ይከበሩልን!" ሁሉም ያከብረኛል። አንድ ሰው እንኳ ሊሰድበኝ ፈቃደኛ አይደለም። በክብር ሊገድሉኝ ነው!

ፈጠነች ብድግ አለች። "ይህቺ ሰውዬ ምንም የላትም! ኪኒን በመቀስ ትቆርጣለች!"

"የትኛዋ ሴትዮ?" አለ ከፊት አንዱ። ሰዉ ሴትዮዋን ፍለጋ ዞረ።

ተነሳሁ። ያሰብኩት ጨዋ ንግግር ነበር፤ የወጣው ግን ቁጣ ነው። በወላይትኛ ጀምሬ በአማርኛ ጨረስኩት።

"እኔ ነኝ! የለኝም! ልብሱ አሮጌ ነው፣ ዓይኔ ከእንግዲህ አይሰፋም። የግፊቱን ግማሽ እውጣለሁ፣ የስኳሩን እዘላለሁ። ረጂ አይደለሁም፤ ይልቃል እጄን ሲይዘኝ አፍሬ ነው ዝም ያልኩት። ከወደዳችሁኝ ይገባዋል በሉ። አለዚያ ክብሩን ለቀብሬ አቆዩልኝ።"

ከዚያ ያ የሠርግ ልብስ የሰፋሁለት ሰው፣ ቀስ ብሎ፣ "ይገባዋል" አለ። ሌላው ቀጠለ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ይልቃል ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም።

የትምወርቅ ብቻ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ሳንነጋገር ወጣን። ተቀይማኛለች።

ታኅሣሥ 12

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። በምን ዓይኔ ልያቸው? ፈጠነች ስትመለስ "ሰው ሁሉ ስለ አንቺ ጸለየ" አለችኝ። ይኸው… የፈራሁት ይህንኑ ነበር።

ታኅሣሥ 17

ለማኙ ዛሬ ቤቴን አልፎ ሄደ። ወሬ እንዴት ይፈጥናል! እኔ ግን ቀለል ብሎኛል። ትዕዛዝ ደወለች፣ ሁሉንም ነገርኳት። አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ እንደገና አለቀሰች።

ጥር 4

የመድህኑ መታወቂያ ወጣ። ፎቶው ላይ ከረባት አለ። ፎቶ ነው እንግዲህ፣ ምን ይደረግ?

ጤና ጣቢያ ተሰለፍኩ። የስኳሩ አልቋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሱ አሉኝ። የግፊቱን ግን የወር ሰጡኝ። "ስንት እከፍላለሁ?" ብዬ ጠየቅኩ፣ ልማድ ሆኖብኝ። ነርሷ "ምንም፣ ቀጣይ!" አለች። እንዲህ ያለ ደስ የሚል "ቀጣይ" ሰምቼ አላውቅም።

ጥር 10

ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሰዉ እንደ ድሮው ጨበጠኝ። ይህን ያህል ጊዜ ምን ፈርቼ ነው የቀረሁት?

ከሰዓት የትምወርቅ ቤቴ መጣች። ልትወቅሰኝ መሰለኝ። ወንበር ሰጠኋት፣ ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ዘጋች።

"ጋሽ ደገፉ… ያን ቀን የጮኽኩት ለእርስዎ ብዬ አይደለም።"

ውሃ ቀድቼ ሰጠኋት።

"እርስዎ ከተጻፉ፣ ሰው ቀጥሎ እኔን ይመለከታል ብዬ ነው።"

ቦርሳዋን እንደገና ከፈተች። የአስም መድኃኒቷን አወጣች፣ ያቺን ወደ አፍ የምትነፋዋን። ጆሮዬ አጠገብ ነቀነቀቻት። ባዶ ናት።

"ካለቀች ቆየች" አለች። "ሰው ፊት ሲያፍነኝ ግን አውጥቼ አፌ ላይ አደርጋታለሁ። እንዲያው… እንዲያዩኝ።"

ሳቅ መጣብኝ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር። እንባዬን ስጠርግ እሷም ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። "ነገ ጥምቀት ነው፤ ከነገ ወዲያ አብረን ቀበሌ ነው የምንሄደው" አልኳት። ሌሊት እንዴት ነው የምትተነፍሰው? አልጠየቅኋትም።

ጥር 12

ሁለታችንም በደንብ ለብሰን ሄድን። ለምን ይዋሻል? ባጃጅ ውስጥ አስጠናኋት።

"ይልቃል ሲጠይቅሽ አጭር፣ እውነቷን ብቻ።"

"እሺ።"

"ሞገስ ያለው ንግግር የለም።"

"እሺ አልኩ እኮ ጋሽ ደገፉ!"

ይልቃል ሲያየን ብድግ አለ። ወንበር ሳበ። ለምን እንደመጣን ግን አልገመተም፤ ከኔ በኋላ መገመት ትቷል።

"እማማ የትምወርቅ፣ እንዴት ነዎት?"

"ጌታ ይመስገን ልጄ፣ ምን ይጎድለኛል…"

እግሯን ረገጥኳት። ጠበቅ አድርጌ።

ዞራ አየችኝ። ትንፋሿ ሲያፏጭ ይሰማኛል። ከዚያ ቀና አለች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ይልቃልን ፊት ለፊት ተመለከተችው።

"ደህና አይደለሁም" አለች።

ይልቃል እስክሪብቶውን ይዞ እኔን አየኝ።

"ጻፍ" አልኩት።